ክብደታችንና ደማችን፦ የደም ምርመራ ስለ ውፍረት የሚነግረንና የማይነግረን



 እኛ በካርቱም ከተማ በቡሪ ሠፈር ስንኖር ለወገኖቻችን የጤና ትምህርት በመስጠት ስንረዳ የቆየን፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በተጀመረው ጦርነት ምክንያት ከሠፈራችን ተነቅለን ወደዚህ የመጣን ስደተኞች ነን። ሐኪሞች አይደለንም። የምንነግራችሁ ከሐኪሞችና ከላቦራቶሪ ባለሙያዎች አጠገብ ሆነን የተማርነውን ነው። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ርእሳችን ውፍረትና የደም ምርመራ ነው። «ራሽን በሚጓደልበት ጣቢያ ስለ ውፍረት ማውራት ምን ይባላል?» የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ጎጆ ውስጥ ሕፃኑ በምግብ እጥረት ሲጎዳ እናቱ በወገብዋ ልትሰፋ ትችላለች። ምክንያቱም በርካሽ የሚገኘው ምግብ፣ ማለትም ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር፣ ሆድ ይሞላል እንጂ አካል አይገነባም። ስለዚህ ረኀብና ውፍረት በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ሲጎዱ አይተናል። አንደኛው ወፍራም በመሆኑ ብቻ ደንግጦ፣ ያለውን ጥቂት ገንዘብ ሱዳኖች መዕመል በሚሉት የግል ላቦራቶሪ በረጅም የምርመራ ዝርዝር ላይ የሚጨርሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር ምን ሊያደርግ ወደ እኔ ይመጣል?» እያለ ቆይቶ፣ የእግሩ ቁስል አልድን ሲለው በሽታው የሚታወቅለት ነው። ዛሬ ልናስተላልፈው የምንፈልገው ቁም ነገር ከዚህ የተነሣ ነው። ይኸውም አደጋውን የሚነግረን የሰውነታችን ግዝፈት ብቻ አይደለም፤ ደማችንም ይናገራል። ደማችንን ለመስማት ደግሞ ብዙ ምርመራ አያስፈልግም፤ ጥቂት የተመረጡ ይበቃሉ።

በቡሪ የነበረው ኑሮ

ቡሪን ለማታውቁ፣ ከአገራችን በሚወርደው በዓባይ ዳርቻ፣ ከመሐል ካርቱም በስተ ምሥራቅ የምትገኝ፣ ቡሪ አል መሐስ፣ ቡሪ አል ደራይሳና ቡሪ አል ለማብ የሚባሉ መንደሮች ያሉባት ሠፈር ናት። በአገር ቤት ውኃ ቀድተን፣ እንጨት ለቅመን፣ ዳገት ወጥተን የኖርን ሰዎች እዚያ ስንደርስ አኗኗራችን ተለወጠ። ብዙዎቹ እህቶቻችን በሰው ቤት ተቀጠሩ፤ ሌሎቹ ከምድጃቸው ሳይነሡ ሻሂና ቡና ሲሸጡ ይውላሉ። የቀኑ ሙቀት ከጥላ አያስወጣም። ምግቡም ከእንጀራና ከሽሮ ወደ ነጭ ዳቦ፣ ዘይት የፈሰሰበት ፉልና ዘላቢያ ዞረ። ሻሂው በሦስትና በአራት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀሚስና ሱሪ ጠበበ። ውፍረት በእኛም በሱዳኖችም ዘንድ የድሎት ምልክት ስለሆነ ማንም አልደነገጠም።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት በሱዳን ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች፣ የዕድሜ ልዩነት ተስተካክሎ ሲሰላ፣ ከመቶ 19 ያህሉ የስኳር በሽታ ነበረባቸው። ይህ ከከፍተኛዎቹ የዓለም ቁጥሮች አንዱ ነበር። እኛም የኖርነው በዚያው ገበያና በዚያው ማዕድ ነበር።

ጎታው ሲሞላ

ስብ በራሱ ጠላት አይደለም። ለክፉ ቀን የተቀመጠ እህል ማለት ነው። ስቡ የሚከማችበት ቦታ ግን ለየቅል ነው። ከቆዳ ሥር፣ በዳሌና በጭን የሚቀመጠው ስብ በጎታ ውስጥ እንዳለ እህል ነው፤ ብዙ አያውክም። ጎታው ሲሞላ ግን እህሉ መኝታ ቤት ይገባል። በሰውነታችንም ስቡ ወደ ሆድ ዕቃ፣ ወደ ጉበትና ወደ ጡንቻ ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ ኢንሱሊን የተባለው፣ ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ንጥረ ነገር፣ ሥራው ይከብደዋል። ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን ለማመንጨት ሌት ተቀን ይደክማል፤ ሲዝል በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል። በስብ የታፈነው ጉበትም ስቡን መልሶ ወደ ደም ይረጨዋል።

የሁላችንም ጎታ እኩል አለመሆኑን ልብ በሉ። ትልቅ ጎታ ያለው ሰው ወፍሮም ደሙ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ጎታ ያለው ሰው ግን ገና ቀጭን እየመሰለ ደሙ ይታወካል። ለዚህም ነው በጃንዋሪ 2025 ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ የውፍረት በሽታ በኪሎና በቁመት ስሌት ብቻ መወሰን የለበትም፣ ወገብም መለካት አለበት፣ የአካል ክፍሎች መጎዳት አለመጎዳታቸውም መታየት አለበት የሚል ሐሳብ ያቀረቡት።

በሱዳን በኩል ያለፉ ወገኖች ታሪክ

ይህ ነገር በኢትዮጵያውያን ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩ መጠለያዎች፣ ከእነርሱም አንዱ በሆነው በኡም ራኩባ፣ ብዙ መከራ ያዩ ቤተ እስራኤላውያን ከካርቱም በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል። ሲደርሱ ቀጫጮች ነበሩ። የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ግን የእስራኤል ሐኪሞች ገና በወጣትነት ዕድሜ ባሉት ላይ እንኳ ያልጠበቁትን ያህል የስኳር በሽታ አገኙ። ኋላም በተደረጉ ጥናቶች ኢትዮጵያውያኑ በበሽታው የሚያዙት ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ክብደት መሆኑ ታወቀ። እኛ በለመድነው ዓይን «ደኅና ነው» የምንለው ሰው በደሙ ግን ታማሚ ነበር ማለት ነው።

በአገር ቤትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2015 በመላ ኢትዮጵያ በተካሄደው ጥናት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሆኖ የተገኙት ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ ናቸው። የልብ ጠባቂ የሚባለው ጥሩ ኮሌስትሮል ያነሳቸው ግን ከመቶ 68 ያህሉ ነበሩ። ከዚያ ቀደም ሲል ደግሞ በአዲስ አበባ 1,935 የባንክ ሠራተኞችና መምህራን ተመርምረው፣ በአንደኛው መለኪያ ከመቶ 18 ያህሉ የወገብ ስፋት፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ስብ ችግሮች ተደራርበው ተገኝተውባቸዋል።

ሌላም አለ። በሰሜን ወሎ በራያ ቆቦ ወረዳ የተደረገ ጥናት፣ በ1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አቆጣጠር የምናስበው ረኀብ በማኅፀን ወይም በሕፃንነት ያገኛቸው ሰዎች ካደጉ በኋላ ለእነዚህ ችግሮች ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። በረኀብ የተሠራ አካል ለቁጠባ ስለሚሠራ በኋላ የሚመጣውን ትርፍ ምግብ አይችለውም ይላሉ ባለሙያዎቹ። ከመካከላችን በዚያ ዘመን የተወለዱ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ «ድሮ የተራበ ሰው አሁን ቢወፍር ምን አለበት?» የሚለው አባባል የተገላቢጦሽ ነው። ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት እርሱ ነው።

ከደም የሚነበቡት ምልክቶች

አሁን ወደ ምርመራዎቹ እንግባ። ከሁሉ በፊት የሚመጣው በባዶ ሆድ የሚለካ የደም ስኳር ነው። ለዚህ ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ከምግብና ከሻሂ መከልከል ያስፈልጋል፤ ውኃ ግን ይፈቀዳል። ውጤቱ ከ100 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ መልካም ነው። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ሲደገምም ያው ከሆነ የስኳር በሽታ ነው ይባላል። በጣት ጠብታ የሚሠራው መሣሪያ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃል፤ በሽታውን ለማረጋገጥ ግን የላቦራቶሪ ምርመራ ይሻላል።

ሁለተኛው ባለሙያዎች ኤችቢኤዋንሲ የሚሉት ነው። ስኳር ቀይ የደም ሕዋሳትን ይለጠፋል። እነዚህ ሕዋሳት 120 ቀን ያህል ስለሚኖሩ ምርመራው ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የስኳር ሁኔታ ይናገራል። ለዚህ መጾም አያስፈልግም። ከመቶ 6.5 እና በላይ የስኳር በሽታን ያመለክታል፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ማስጠንቀቂያ ነው።

ሦስተኛው የደም ስብ ምርመራ ነው። በውስጡ ሁለት ነገሮችን በተለይ ተመልከቱ። ትራይግሊሰራይድ የተባለው ስብ ከ150 ሚሊ ግራም በታች ሊሆን ይገባል። ኤችዲኤል የተባለው ጥሩ ኮሌስትሮል ደግሞ ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 ማነስ የለበትም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲበላሹ፣ ማለትም ትራይግሊሰራይድ ወጥቶ ኤችዲኤል ሲወርድ፣ እህሉ መኝታ ቤት መግባቱን ያስጠረጥራል።

አራተኛው የጉበት ምርመራ ነው። ኤኤልቲ የተባለው ከፍ ብሎ ሲገኝ ጉበት ላይ የተከማቸ ስብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የወፍ በሽታ የምንለው የጉበት ብግነት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችና አልኮል መጠጥም ከፍ ያደርጉታል። ኤኤልቲ ደኅና ሆኖም ጉበት በስብ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ብቻውን አይፈርድም። ስኳር ወይም ግፊት ላለበት ሰው የኩላሊት ምርመራ ማድረግም ተገቢ ነው።

ከእነዚህ ውጭ ስማቸው በየጊዜው የሚሰማ አዳዲስ ምልክቶች አሉ። በ1994 በኒው ዮርክ በዶክተር ጄፍሪ ፍሪድማን የሚመራ ቡድን ሌፕቲን የተባለውን፣ ከስብ ሕዋሳት ተነሥቶ ለአንጎል «ጠግበናል» የሚል መልእክት የሚያደርሰውን ሆርሞን አገኘ። አዲፖኔክቲን የሚባልም አለ፤ እርሱ ደግሞ ውፍረት ሲጨምር ይቀንሳል። ለሳይንስ ትልቅ ግኝቶች ናቸው። ለእኛ ግን ሕክምናችንን የሚለውጡ ስላልሆኑ አንድ ፓውንድም አታውጡባቸው።

ምርመራው ሊያሳስት የሚችልባቸው ሁኔታዎች

በዚህ ጣቢያ ለምንኖር ሰዎች ይህ ክፍል ዋናው ነው። ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያፈርስ፣ ከወባ በኋላ ኤችቢኤዋንሲ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ብዙ ደም የፈሰሰው፣ ደም የተሰጠው ወይም ሱዳኖች አኒሚያ መንጀሊያ የሚሉት የዘር ደም በሽታ ያለበት ሰውም እንዲሁ ይሳሳታል። በብረት ማዕድን እጥረት የሚመጣው ደም ማነስ በተቃራኒው ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። እንዲህ ላለ ሰው በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር ይታመናል። ስለሆነም ደም ከመስጠታችሁ በፊት «በቅርቡ ወባ ታምሜ ነበር» ወይም «ደም ማነስ አለብኝ» ማለት አትርሱ።

ሲአርፒ የተባለው የብግነት ምልክትም ከውፍረት ጋር ይጨምራል ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ወባ፣ የሳንባ ምች፣ የጥርስ መግል ሁሉ ያስነሡታል። በትኩሳት ወቅት የተሠራ ሲአርፒ ስለ ውፍረታችሁ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ስለ ማወፈሪያ ክኒን

እህቶቻችን ይህን በጥሞና ስሙን። በሱዳን ገበያ ለማወፈሪያ እየተባሉ የሚሸጡ ክኒኖች አሉ። ከሰይደሊያ ብቻ ሳይሆን ከመዋቢያ ዕቃ ሱቅም በፍሬ ይገኛሉ። ብዙዎቹ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን የመሰሉ ኮርቲዞን መድኃኒቶች ናቸው። እነዚህ መድኃኒቶች በሐኪም ሲታዘዙ ሕይወት ያድናሉ። ለውበት ሲወሰዱ ግን ፊትን ያሳብጣሉ፣ የደም ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ አጥንትን ያሳሳሉ። የወሰደች እህት ብትኖር አንድ ነገር ትወቅ፤ ለሳምንታት የተወሰደ ኮርቲዞን በድንገት ሲቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ድካም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ክኒኑን ይዛ ወደ ሐኪም ትሂድ፤ እንዴት እንደሚቀነስ እርሱ ይነግራታል። ማንም ሊወቅሳት አይገባም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት በክር እንጀምር። ቁመታችሁን የሚያህል ክር ቁረጡና ለሁለት እጠፉት። የታጠፈው ክር፣ ትንፋሽ ካወጣችሁ በኋላ፣ ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መካከል ወገባችሁን ዞሮ ከገጠመ መልካም ነው። ካልደረሰ ወገባችሁ ከቁመታችሁ እኩሌታ በልጧልና ደማችሁን ማስመርመር ይገባችኋል። ይህ ለነፍሰ ጡር አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ክሩ ያልደረሰለት፣ ዕድሜው 35 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወላጁ ወይም ወንድሙ ስኳር ያለበት፣ ወይም በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት እናት በባዶ ሆድ ስኳርና የደም ግፊት ያስለካ። ውኃ ጥም የሚያበዛ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ የሚነሣና ሳይፈልግ የሚቀጥን ሰው ግን ወፍራምም ይሁን ቀጭን በዚያው ቀን ይሂድ። «ቀጠንክ፣ አማረብህ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የቀሩት ምርመራዎች ሐኪሙ ሲያዝዝ ይደርሳሉ።

ሦስተኛ፣ ውጤታችሁን ጠብቁ። ከቡሪ ስንወጣ ብዙዎቻችን የሕክምና ካርዳችንን ጥለን ነው የመጣነው። አሁን ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ በባዶ ሆድ መሆን አለመሆኑን በልጆቻችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ሌላ ጣቢያ ወይም ሌላ አገር ብትሄዱ አዲሱ ሐኪም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አራተኛ፣ ውጤቱ ማስጠንቀቂያ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። በ2002 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ከክብደታቸው ከመቶ 7 ያህል እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተረዱ ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከመቶ 58 እንደቀነሰ አሳይቷል። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው ይህ 5 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ሰውነት እንደ ወጣትነት ዘመን እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም።

ምግብ ቀንሱ ብለን ራሽን የጎደለበትን ሰው አንመክርም። የምንለው ያለውን እንድናሸጋሽግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ6 የሻሂ ማንኪያ ስኳር እንዳናልፍ ይመክራል። ሦስት ማንኪያ የገባበት ሻሂ ሁለት ብርጭቆ ከጠጣን የቀኑን ድርሻ ጨርሰናል። ማንኪያውን በየሳምንቱ በግማሽ እየቀነስን ብንሄድ ምላስ ይለምዳል። ምስሩንና ባቄላውን ለዘላቢያ መግዣ አንሽጠው። ዘይቱን ከጠርሙስ በቀጥታ ከማፍሰስ በማንኪያ እንለካ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ውኃ ቧንቧውና ወደ ጎረቤት ፈጠን ብለን እንራመድ። ሕመሙ የጸናባቸውና መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከመጾማቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

በመጨረሻም አደራ የምንለው አለ። ወፍራሙን በውፍረቱ አንሣቅበት፤ ቀጭኑንም «አንተ ጤነኛ ነህ» ብለን አናዘናጋው። ሁለቱንም «ስኳርህን መቼ ተለካህ?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ክር ያላመጣችሁም እኛ ዘንድ አለ።